ሰባቱ ካሜራዎችና እትዬ ውድነሽ

አንድ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ጡረታ ቢወጣም እጁ ሥራ መፍታት እምቢ አለው። የሰፈሩን ሬዲዮና ካውያ ሲጠግን ይውላል፤ የሚጠገን ሲያጣ ደግሞ ደህናውን ዕቃ ይፈታና መልሶ ይገጥመዋል። ሚስቱ ይመኙሻል፣ «ይህ ሰውዬ መፍታት ለምዶበት አንድ ቀን እኔንም እንዳይፈታኝ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ትዳር ይዘው ሌላ ከተማ ይኖራሉ። በግቢው የቀሩት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ይመኙሻል ስኳር አለባት። መርፌዋን ተወግታ ምግብ ከረሳች ላብ ያጠምቃታል፣ ጉልበቷም ይከዳታል። ስለዚህ ቢያድግልኝ ከቤት ሲወጣ እግሩ ይሄዳል እንጂ ልቡ እሷ ዘንድ ነው የሚቀረው። ይወዳታል። አፍ አውጥቶ ተናግሮት ባያውቅም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ በአንድ የበጋ ወር ከእነሱ ሦስተኛው ግቢ በጠራራ ፀሐይ ሌባ ገባ። ብቻዋን የነበረችውን የቤቱን እመቤት ገፍትሮ ጥሎ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ሄደ፤ የሴትዮዋ እጅ ተሰበረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሰፈሩ ሰው አጥሩን ማጠባበቅና ቁልፉን መቀየር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቢያድግልኝን ያሳሰበው ግን ቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ የሴትዮዋ እጅ ነው። «ይመኙሻል ብትሆንስ ኖሮ?» የሚለው ሐሳብ እህል እንኳ አላስበላው አለ።

ያን ጊዜ ነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚሉት ነገር ማንበብ የጀመረው። ካሜራ ብቻውን ዓይን ነው፤ ያያል እንጂ ያየውን አያውቅም። አስተውሎቱ ሲጨመርበት ግን ድመትን ከሰው፣ የሚያውቀውን ፊት ከማያውቀው ይለያል፤ ሌባ አጥር ሲዘል ያጓራል፤ ባለቤቱ የትም ቢሆን በስልኩ ይጠራዋል። ቢያድግልኝ ይህን ባነበበ ጊዜ ልቡ ዘለለ። «ጠባቂ ብቀጥር ያንቀላፋል፤ ውሻ ባሳድግ በሥጋ ይታለላል። ይህ ግን እንቅልፍም ሥጋም የለውም» አለ።

ሦስት ወር ሠራ። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከለ። ሰባት ካሜራ ሰቀለ፤ ሁለቱን በበሩ፣ አራቱን በአጥሩ ማዕዘን፣ አንዱን በጣሪያው ጫፍ ላይ። ቤት ውስጥ ግን አንድም አልሰቀለም። ሚስቱ በምትተኛበትና ልብሷን በምትቀይርበት ቤት ካሜራ ማስገባት ነውር ነው ብሎ ሰባቱንም ወደ ውጭ አዞራቸው።

ማሽኑ እንደ ሕፃን ነው፤ ያላስተማሩትን አያውቅም። ቢያድግልኝ የራሱንና የሚስቱን ፎቶ በመቶ ቁጥር አነሳ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ በነጠላ፣ ያለ ነጠላ፣ ሲስቁ፣ ሲቆጡ። የልጆቹንም ከየአልበሙ ለቅሞ ጨመረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሽኑ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ነፋስ ሲያወዛውዘው «ሰው! ሰው!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቀንማ የቢያድግልኝን የገዛ ሱሪ ሌባ ብሎ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ቢያድግልኝ ተናደደና የተሰጣ ልብስ ፎቶ ሺህ ጊዜ አሳይቶ «ይህ ልብስ ነው፤ አደጋ የለውም፤ ተወው» ብሎ አስተማረው። ማሽኑም ተማረ። ከዚያ ወዲያ ልብስ ቢወዛወዝም፣ ቢረጥብም፣ ቢወድቅም ጉዳዩ አልሆነም።

የቀረው ሰዎችን መመደብ ነበር። ማሽኑ አዲስ ፊት ባየ ቁጥር ፎቶውን ያመጣና «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ስማቸውን ያወጣላቸው ራሱ ቢያድግልኝ ነው፤ አንዱን «ቤተሰብ»፣ ሁለተኛውን «እንግዳ» አለው። ለቤተሰብ በሩ በራሱ ይከፈታል። እንግዳ በር ላይ ከቆመ ማሽኑ በድምፅ ይመልሰዋል። እንግዳ አጥር ከዘለለ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ያጓራል፣ የቤቱ በሮች በሙሉ ይቆለፋሉ። ድምፁንም ሌላ ሰው አላስቀዳም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ፣ በራሱ አንደበት «እንግዳ ነዎት፤ እባክዎ ከበሩ ይራቁ» ብሎ ቀዳው።

ምደባውን ሲጀምር ይመኙሻል አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። በመጀመሪያ የመጣው ፎቶ የእትዬ ውድነሽ ነው። እትዬ ውድነሽ በግድግዳ የሚጎራበቱ ባልቴት ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ይሸጣሉ፤ የዘነዘናቸው ድምፅ ካልተሰማ ሰፈሩ የነጋ አይመስለውም። በየዕለቱ ረፋድ ላይ «ቤቶች!» ብለው፣ መልስም ሳይጠብቁ በሩን ገፋ አድርገው ይገባሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይመኙ፣ በላሽ?»

«እትዬንስ ምን ብለህ ልትመድባቸው ነው?» አለች ይመኙሻል።

«እንግዳ።»

«እትዬ ውድነሽ እንግዳ? ሁለት ጊዜ ያረሱኝ እትዬ?»

«ቤተሰብ አይደሉማ። ስሚኝ፣ ማሽን ይሉኝታ አያውቅም። ዛሬ ለጎረቤት ከከፈትሽለት ነገ ለጎረቤት ዘመድ፣ ከነገ ወዲያ ለዘመዱ ወዳጅ እያለ አገሩን ሁሉ ያስገባልሻል። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።»

«እና እትዬን እስክንቀብራቸው ድረስ ከበር ልናቆማቸው ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። እውነቱን ነበርና ይመኙሻል ነገሩን ተወችው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ልበል። እንግዳ የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። እንግዳ መጣ ሲባል ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ልጆች ጫማ አድርጉ ይባላሉ፣ ጓዳው ይተራመሳል። እንግዳ ነገር ታየ ሲባል ደግሞ ሰው ይደነግጣል፣ በትር ይፈልጋል። እኛ ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠባነው አይምታታብንም። ለማሽኑ ግን ቢያድግልኝ ያስተማረው ሁለተኛውን ፊት ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያውን ማስተማር ትዝ አላለውም። ይህም ስሕተት ነው ብሎ አልጠረጠረም፤ ቃሉ እንደሆነ ያው አንድ ቃል ነው።

በማግስቱ እትዬ ውድነሽ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ መጡ። «ቤቶች!» ብለው በሩን ገፉት፤ አልተገፋም። ከበሩ ራስ ላይ የቢያድግልኝ ድምፅ መጣ።

«እንግዳ ነዎት፤ እባክዎ ከበሩ ይራቁ።»

እትዬ ሳቁ። ከነፍሳቸው ነው የሳቁት። «አንተ ቢያድግ፣ በጡረታህ ደግሞ ቀልድ ጀመርክ? በል ክፈት፣ በርበሬዬ ፀሐይ ላይ ነው።»

«እንግዳ ነዎት፤ እባክዎ ከበሩ ይራቁ።»

ሁለተኛው ላይ ፈገግታቸው ቀዘቀዘ። ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢናገረው ምንም ባልመሰላቸው ነበር፤ ድምፁ ግን የቢያድግልኝ ነው። በዚያ ላይ «እርስዎ» እያለ፣ «እባክዎ» እያለ፣ አክብሮ ነው የሚያባርራቸው። ወንፊቱን ከበሩ እጀታ ላይ ሰቅለው ተመለሱ። ስድብ ቢሆን መልስ አያጡም ነበር።

ቢያድግልኝ ይህን አላየም፤ ዕቃ ቤት ሆኖ ገመድ ያስር ነበር። ይመኙሻል ወንፊቱን ተሰቅሎ ስታገኘው ነገሩ ገባት። ልታስታርቅ ብላ ወደ እትዬ ቤት ሄደች፤ እትዬም ጥሩ አድርገው አስተናገዷት፣ ሳቁ፣ ተጫወቱ። እሷ ቤት የመምጣት ነገር ሲነሳ ግን፣ «ልጄ፣ በሩ አያውቀኝም» ብለው ወሬ ቀየሩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሌላውም ጎረቤት እግር ተሰበሰበ። እሳት ልትጭር የምትመጣ፣ መሰላል የሚዋስ፣ ለወሬ ብቻ ጎራ የሚል፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ተባረረና ቀረ። ሰው ደግሞ ከአንድ በር ሁለት ጊዜ መባረር አይወድም። በሩ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ጠፋ። ቢያድግልኝ ማታ ማታ የማሽኑን ሪፖርት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚስቱ ያነብላታል፤ «ዛሬ ወደ ግቢው የገባ እንግዳ፦ የለም።» እሷም፣ «አይቻለሁ፤ የለም» ትላለች። አባባሏ ውስጥ ያለውን ኀዘን አላስተዋለውም፤ ደስ ብሎት ነበርና።

«በላሽ?» የሚላት ሰው እንደሌለም አላስተዋለም።

ከዚያ ሰኔ ገባ። የቢያድግልኝ ሥራ ዝናው ተሰምቶ ኖሮ አንድ ባለጸጋ የእህል ነጋዴ፣ «እንደ ቤትህ ያለ ጠባቂ ለእኔም ሥራልኝ» ሲል አስጠራው። ቢያድግልኝ ጠዋት ሚስቱን ተሰናብቶ ወጣ። ይመኙሻል መርፌዋን ተወግታ፣ ልብስ አጥባ አስጥታ፣ «ትንሽ ልረፍና እበላለሁ» ብላ ሳሎን ገባች።

የነጋዴው ቤት ከተማው ጫፍ ላይ ያለ ትልቅ ቪላ ነው፤ አጥሩ ሁለት ሰው ቁመት ነው። ቢያድግልኝ ስልኩን አውጥቶ የማሽኑን ሥራ ያሳየው ጀመር።

«አሁን ቤትህ ምን ይመስላል?» አለ ነጋዴው።

ቢያድግልኝ ስክሪኑን ነካ። ግቢው ወለል ብሎ ታየ። በሩ ዝግ ነው፤ አጥሩ ሰላም ነው፤ ገመዱ ላይ ነጠላና አንሶላ ይወዛወዛል። ከሥር በአረንጓዴ ፊደል «እንቅስቃሴ፦ ልብስ። አደጋ የለም» ይላል።

«ይኸው፣ ዝንብ እንኳ አልገባችም» አለ ቢያድግልኝ።

ጥቂት ቆይቶ ደመናው ጠቆረ፣ ነጎድጓድም ተሰማ። ስልኩ ጢን አለ። «አንድ እንግዳ በበሩ ላይ ነበር። ተመልሷል» ይላል።

«ግሩም ነው! እኛ እዚህ ስንጫወት እሱ እዚያ ያባርርልሃል?» አለ ነጋዴው።

«ሥራው ነው» አለ ቢያድግልኝ፤ ኮራ ብሎም ጢሙን ዳበሰ። ዝናቡ የቪላውን ቆርቆሮ መምታት ጀመረ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ስልኩ እንደ አበደ ጮኸ። «እንግዳ! አጥር ዘሎ ገብቷል! በሮች ተቆልፈዋል!» ቢያድግልኝ ሥዕሉን ከፈተ። ከራስ እስከ ጉልበቱ ማዳበሪያ የተከናነበ ሰው በጎረቤቱ አጥር ላይ ካለ መሰላል ወርዶ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እጁ ላይ ዱላ የሚያክል ነገር ይዟል። ፊቱ አይታይም። ሰውዬው የሳሎኑን በር ገፋው፤ ተቆልፏል። በመስኮቱ አጮልቆ አየ። ከዚያ የያዘውን ነገር አነሳና መስታወቱን መታው።

ቢያድግልኝ የዓለም ብርሃን ጠፋበት። የፈራው ደረሰ። ስልኩን አፉ ላይ ደግኖ በግቢው ድምፅ ማጉያ ጮኸ።

«ማን ነህ አንተ ሌባ! ፖሊስ መጥቷል! ውጣ!»

ሰውዬው ዞረ። ማዳበሪያውን ከራሱ ላይ አውልቆ ጣለና ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ካሜራው አቀና። ሰውዬው ሴትዮ ነበረች። የያዘችውም ዘነዘና ነው።

«እንግዳ ነኝ!» አሉ እትዬ ውድነሽ። ዝናቡ በፊታቸው ላይ ይወርዳል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ ክፈት! ይመኙሻል ወድቃለች!»

ማሽኑ ሥዕሉ ላይ በቀይ ፊደል «እንግዳ፣ እንግዳ» እያለ ይጽፋል። ቢያድግልኝ ግን ድምፁን አወቀው፤ ሠላሳ ዓመት «ቤቶች!» ሲል የሰማው ድምፅ ነው። «ክፈት» የሚለውን ተጫነ። በሩ ተከፈተ፤ እትዬም ገቡ።

ሳሎን ውስጥ ካሜራ ስላልነበረ ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት አልቻለም። ያን ያህል የረዘመ ጊዜ በሕይወቱ አላሳለፈም። ነጋዴው ሰው ነውና መኪናውን አስነስቶ በዚያ ዝናብ ወሰደው። መንገድ ላይ ቢያድግልኝ ስልኩን እያየ ያለቅስ ነበር። ስልኩ የሚያሳየው ባዶ ግቢ፣ የተከፈተ በርና ጭቃ ላይ የወደቀ አንሶላ ነው። ሰባት ዓይን ይዞ የሚስቱን መሞት መዳን ማወቅ አልቻለም።

ሲደርስ ይመኙሻል ወለሉ ላይ፣ ራሷ በእትዬ ውድነሽ ጭን ላይ ሆኖ ተጋድማ ነበር። ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግን ዓይኗ ተከፍቷል። እትዬ በብርጭቆ የበጠበጡትን የስኳር ውኃ በማንኪያ ጠብ እያደረጉ ያጠጧታል። እጃቸው በመስታወቱ ተቆርጦ ደሙ ቀሚሳቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱን አላዩትም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሐኪሙ መርምሮ፣ «መርፌውን ተወግታ ሳትበላ ቆይታ ነው። ደግነቱ ደረሳችሁላት፤ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ።

ዝናቡ አባርቶ ሁሉም ወደ ቤት ተመለሱ። ይመኙሻል ገንፎ ቀምሳ ተኛች። ቢያድግልኝ በእትዬ እጅ ላይ የላላውን የጤና ጣቢያውን ፋሻ አጥብቆ አሰረ። አፍሮ ነበር። በመጨረሻም፣

«እትዬ፣ እንዴት አወቁ?» አለ።

«ምኑን?»

«መውደቋን። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ አልጮኸችም፤ ማንም አላየም።»

«ደመናው ሲጠቁር እንደ ልማዴ በአጥሩ ላይ፣ ‹ይመኙ፣ ልብስሽን አንሺ፣ መጣብሽ!› አልኳት። ሁልጊዜ ‹እሺ እትዬ፣ እርስዎም በርበሬዎን!› ትለኛለች። ዛሬ ዝም አለች። ደግሜ ጠራሁ፤ ዝም። መሰላል ላይ ወጥቼ ባይ ልብሱ እንደተሰጣ ነው። ይመኙሻል ልብሷን ዝናብ እስኪመታው የምትተኛ ሴት ናት? በበሩ ዞርኩ፣ አንተ አባረርከኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ በአጥሩ መጣሁ።»

«ልብሱን እኮ እኔም አይቼው ነበር» አለ ቢያድግልኝ። «ማሽኑም አይቶታል።»

«አይቶ ምን አለ?»

«አደጋ የለም አለ።»

እትዬ ውድነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊገሥጹት ፈልገው ነበር፤ ፊቱን ሲያዩት ተዉት።

«ልጄ፣ ካሜራህን አትውቀሰው። እሱ የመጣውን ነው የሚያየው። የቀረውን ማየት የሰው ሥራ ነው።»

ነጋዴው ጥግ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ሊሄድ ሲነሣ ቢያድግልኝን ወደ በሩ ሳብ አድርጎ፣ «ታዲያ የእኔ ቤት ካሜራ ይቅር ማለት ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ለምን ይቀራል? ሌባው እንዳለ ነው፤ እሠራልዎታለሁ» አለ ቢያድግልኝ። «ነገር ግን አሠራሬን ለውጫለሁ። ከቤተሰብና ከእንግዳ መሐል ሦስተኛ መደብ እጨምራለሁ። ስለዚህ ገመድ ከመዘርጋቴ በፊት የጎረቤቶችዎን ስም ይስጡኝ። በስተቀኝ ያሉት ማን ይባላሉ?»

ነጋዴው አሰበ። «በስተቀኝ… ቀይ መኪና ያለው ሰውዬ ነው።»

«ስማቸው?»

ነጋዴው ስሙን አያውቀውም።

«በስተግራስ?»

«ውሻ አላቸው» አለ ነጋዴው። ይህን ብሎ በራሱ አፈረ። በዚያ ቪላ ውስጥ ሲኖር ስምንት ዓመቱ ነበር።

«እንግዲያው ስማቸውን ጠይቀው ይንገሩኝ። ካሜራ በአንድ ሳምንት እሰቅልልዎታለሁ፤ ጎረቤት ግን እኔ ልሰቅልልዎ አልችልም» አለው ቢያድግልኝ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ካሜራውን ይንቀል፣ በሩንም ወለል አድርጎ ይተኛ ማለቴ አይደለም። ጥንቃቄ ደግ ነው፤ ሌባ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ቢያድግልኝ ሚስቱን ከክፉ ሰው ሊጠብቅ ብሎ ደጉን ሁሉ አራቀባት፤ ክፉው ደግሞ በአጥር አልመጣም፣ ከገዛ ደሟ ውስጥ ነው የተነሣው። የሚወዱትን ሰው መጠበቅ ማለት ዙሪያውን መዝጋት ይመስለናል። ነገር ግን ሰው ሲታመም፣ ሲከፋው፣ ሲወድቅ ሌባ አይገባም፣ ደወል አይጮኽም፤ የሚሆነው ነገር ቢኖር የለመደውን አንድ ነገር ሳያደርግ መቅረቱ ነው። ይህንን ለማስተዋል በየዕለቱ «በላሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያስፈልጋል። ሰው የሠራው አስተውሎት ብዙ ነገር ይችላል፤ የቀረውን ናፍቆ አጥር መዝለል ግን አይችልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሉት አባቶቻችን ዘመድ ጠልተው አልነበረም።

እስቲ ለአፍታ ያስቡት። ነገ እርስዎ ከተለመደው ቦታዎ ቢቀሩ፣ ድምፅዎ ባይሰማ፣ በርዎ ባይከፈት፣ መቅረትዎን ከሁሉ ቀድሞ የሚያስተውለው ማን ነው? ያ ሰው ቢመጣስ፣ በርዎ ያውቀዋል?